ከወዳደቁ ነገሮች የተሠራ አበባ

«ከጣሪያው ላይ የተሰቀለው ከረጢት የት ሄደ?»

የኔነሽ የጎረቤቷን የአባ አብዱላሂን ድምፅ ለሦስተኛ ጊዜ ስትሰማ ጥርሷን እየፋቀች ነበር። ግድግዳ መባሉ ለወጉ ነው እንጂ፣ ሁለቱን ቤቶች የሚለየው ኮምፔንሳቶ ማስነጠስ እንኳን አያስቀርም። እሷና ታላቅ ወንድሟ ክፍሉ በዚህ በኩል፣ ሽማግሌው ደግሞ ከልጃቸው ከቱሪያና ከልጅ ልጃቸው ከሸፊቃ ጋር በዚያ በኩል፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ሳል እየለየ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን አባ አብዱላሂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ዛሬም ከፍ አላደረጉም፤ አንዱኑ ጥያቄ ብቻ ደጋገሙት። ቱሪያ «አይጥ ይሆናል አባ፣ ቆይ አልጋ ሥር ልየው» አለች። «አይጥ ገመድ አይፈታም» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ የጥፊ ድምፅ ተሰማ፤ የእናት እጅ ነው። የተመታችው ልጅ ግን አላለቀሰችም፤ የኔነሽን ያስደነገጣት ይኸው አለማልቀሷ ነው።

ከረጢቱን ታውቀዋለች። ነጭ የስኳር ከረጢት ነው፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ። ትላንት ጠዋት ሸፊቃ በደረቷ አቅፋ የኔነሽ ወደምታስተምርበት ሦስተኛ «ለ» ክፍል ይዛው ገብታለች። የዘንድሮውን የሜይ ዴይ በዓል ትምህርት ቤቶች እንዲያጌጡለት ታዟል፤ ዓመቱ የድርቅና የቁጠባ ዓመት፣ 1977 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ለባለ ቀለም ወረቀት የሚወጣ አንዲት ሳንቲም የለም። ማስጌጫው «ከወዳደቁ ነገሮች» ይሠራ ይላል ሰርኩላሩ። ይህን የጻፈው ሰው የድሬዳዋን ቤቶች የሚያውቅ አይመስልም፤ በዚህ ከተማ ዕቃ እንዲህ በቀላሉ ወድቆ አይቀርም። የወተት ጣሳው መጠጫ ነው፣ የዘይት ቆርቆሮው በር ነው፣ የሲሚንቶ ከረጢቱ የልጅ ደብተር ይለበድበታል። ያም ሆኖ የኔነሽ ኃምሳ ስምንት ልጆቿን አንድ በአንድ አስጨንቃ፣ ቆርኪም፣ ጣሳም፣ የሲሚንቶ ወረቀትም፣ የሲጋራ ብርም አስመጣች። ባዶ እጇን የመጣችው ሸፊቃ ብቻ ነበረች። «ሂጂና ወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ሳትይዢ እንዳትመለሺ» ብላ ከበር መለሰቻት። ልጅቷ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከረጢቱን ይዛ መጣች።

ውስጡ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ቢጫ ወረቀት ነበር፤ ጠርዛቸው የተበላ፣ ጥጋቸው የተቀደደ ገጾች። የኔነሽ ከዓረብኛ ፊደል ጋር ያላት ትውውቅ የሱቅ ትውውቅ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ቴምርም፣ ሳሙናም፣ ሻይ ቅጠልም በዚሁ ፊደል በተጻፈ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው ቀፊራ ገበያ የሚደርሰው፤ እሷም ስንቱን ገልጣ ጥላዋለች። ስለዚህ ሳታቅማማ ለልጆቹ አከፋፈለች። ሸፊቃ ያን ጊዜ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ አይቆረጥም» አለች። የኔነሽ አልመለሰችላትም፤ ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ልጅቷ እንደገና እጇን አወጣችና ያንኑ አለች። «ሸፊቃ፣ ጊዜ የለንም። ቁረጪ» አለቻት። ሸፊቃ ቆረጠች። እያለቀሰች ቆረጠች። የኔነሽ መቀሱ ደንዞ እጇን ያመማት መስሏት ሌላ መቀስ ቀየረችላት።

አሁን ገባት። አባ አብዱላሂ ድሮ ሐረር፣ ኋላም እዚሁ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ሲደጉሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ከተዉ በኋላ እንኳን ሰው አርጅቶ የተበተነ ቁርዓኑን እየያዘ ይመጣል። ያ ወረቀት አይጣልም፣ አይቃጠልም፣ እግር አይረግጠውም፤ እስኪጠራቀም ተሰቅሎ ይቆይና ንጹሕ አፈር ተፈልጎለት ይቀበራል። ይህን ሁሉ ቱሪያ አንድ ቀን ነግራታለች፤ እሷ ደግሞ የጎረቤት ወሬ እንደሚሰማ ሰምታ ረስታዋለች። የኔነሽ በራሷ አፈረች፤ ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ቀደመ።

ወንድሟ ክፍሉ ዳቦውን በሻይ እየነከረ ነበር። የምድር ባቡር ዩኒፎርሙን ለብሷል፤ ነገ ለሰልፍ ስለሚወጣበት ቱታ ሲነጫነጭ ነው ያደረው። በሹክሹክታ ነገረችው። ማላመጡን አቆመና ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «አልሰማሽም» አለ። «ምንም አልሰማሽም። ዓረብኛ ወረቀት፣ የሃይማኖት ወረቀት፣ ለሜይ ዴይ ተቆረጠ፣ አልተቆረጠ... አንቺ ውስጥ የለሽበትም። ደሞ አንድ ማስጠንቀቂያ እንዳለሽ አትርሺ።» ማስጠንቀቂያው ከውይይት ክበብ ሁለት ጊዜ በመቅረቷ የተጻፈባት ነው። «ልጅቷን እኮ መቷት» አለች። ክፍሉ ሻዩን ጨለጠና ቆቡን አነሳ። እነሱ ቤት ነገር የሚያልቀው አንደኛቸው ወደ ሥራ ሲሄድ ነው።

ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ቱሪያ ባልዲዋን አስቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ፊቷ አብጧል፤ ያለቀሰችው ልጅቷ ሳትሆን እሷ ነች።

«የኔነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሸፊቃ ትላንት ትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር? ስጠይቃት አፏን ዘጋችብኝ፣ ወላሂ ድንጋይ ሆነችብኝ።»

የኔነሽ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ብዙ ልጅ ብዙ ነገር ነው ያመጣው ቱሪያ፤ ማን ምን እንዳመጣ አላስታውስም።»

«የሰው አማና ነው እኮ፤ የመጋላ ሰው ሁሉ አባ ላይ የጣለው አደራ። ‹አላህ ዘንድ የምጠየቀው እኔ ነኝ› ይላል። ‹የመንግሥት ትምህርት ቤት ሌባ አደረጋት› ብሎ ነገ በጠዋት ወደ ጀልዴሳ ሊሰዳት ነው፤ አክስቷ ደሄቦ ጋ። እዚያ ምን ትምህርት አለ? ፍየል ነው ያለው።» ቱሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ ካልተገኘ ከቃሉ አይመለስም። አባን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው።»

ሸፊቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዩኒፎርም አልለበሰችም። የኔነሽን አየቻት፣ ከዚያ መሬት መሬት አየች። በዚያ አስተያየት ውስጥ ወቀሳ ቢኖር የኔነሽ ትችለው ነበር፤ የነበረው ግን ስለ አንቺ ብዬ ዝም ብያለሁ የሚል ነገር ነው። የኔነሽ «ይገኛል፣ አይዞሽ» አለችና የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በጥድፊያ ተሻገረች። ሚያዝያ 22 ነው፤ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን አሸዋው ሞቋል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሦስተኛ «ለ» ሥራ ቆሟል። ከዘንባባ ዝንጣፊ የተሠራ ቅስት ነው፤ ከጣሳ የተቆረጡ ኮከቦች ተንጠልጥለውበታል፣ የቆርኪ መጋረጃ እየተንሿሿበታል፣ ከላይ እስከ ታች ደግሞ ቀይ አበቦች ተደርድረውበታል። ከሲሚንቶ ወረቀት የተሠሩት ጠቆር ብለዋል፤ ከከረጢቱ ወረቀት የተሠሩት ግን ቀለሙን በደንብ ጠጥተው ደምቀዋል። ዓይን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ትላንት ማታ ኮርታባቸው ነበር። ቆጠረቻቸው። አርባ ሦስት ናቸው። አንዱን ጠጋ ብላ ብታይ፣ ከቀዩ ሥር ጥቁሩ ጽሑፍ እንደታጠፈ ይታያል። የተማሪዎች ሰልፍ በሥሩ እያለፈ ይገባ ነበር፤ የኔነሽ የእያንዳንዱ ልጅ ጭንቅላት አበባውን እንዳይነካ በዓይኗ ተከተለች።

አራት ሰዓት ላይ የበዓሉ ኮሚቴ መጣ፤ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ማስታወሻ ደብተር። ርእሰ መምህሩ ጓድ ገብረወልድ ከኋላ ከኋላ እየተከተላቸው የጨጓራ ክኒኑን ያላምጣል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክኒን ያስፈልገዋል፤ እንግዳ ደግሞ በየሳምንቱ ነው የሚመጣው። ሰዎቹ ቅስቱን ዞሩት፣ ኮከቡን ነካኩ፣ አንደኛው አበቦቹን እያየ «ከወዳደቁ ነገሮች ማለት ይህ ነው» አለና ጻፈ። ሌሎቹም ጻፉ። የኔነሽ እጆቿን ከኋላ አጣምራ፣ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው መሀላቸው እንዳይኖር ስትጸልይ ቆየች። አላነበቡም። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ሥራ ጋር በስምንት ሰዓት ተጭኖ ወደ ሰልፉ አደባባይ እንዲሄድ፣ በክብር መድረኩ መግቢያ ላይ እንዲቆም ወስነው ወጡ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ጓድ የኔነሽ» አለ ገብረወልድ። እሱም ላብ በላብ ሆኗል።

«ጓድ ገብረወልድ፣ አንዳንዶቹን አበቦች ብቀይራቸው... ወረቀታቸው በጣም አሮጌ ነው።»

«አሮጌ ይሁን አይደል እንዴ የተባለው?»

«ይረግፋሉ ብዬ ነው።»

«ተመዝግቧል እኮ። ከተመዘገበ በኋላ አንድ ቅጠል ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ነገ ሰልፉ እስኪያልፍ ይቆይልን፤ ከዚያ እንደ አምናው ደቻቱ ወርዶ ይቃጠላል፣ እንገላገላለን።» ክኒኑን ዋጠና ቢሮው ገባ።

ይቃጠላል የሚለው ቃል እዚያው አስቀራት። እውነቱን ብትነግረውስ? ገብረወልድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው፣ ፈሪነቱ ደግሞ በጽሑፍ ነው። ሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቱ ቀበሌ ይደርሳል፤ ቀበሌው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ጣሪያው ላይ ከረጢት ሙሉ ዓረብኛ ወረቀት ሰቅሎ ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቃል። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ አባ አብዱላሂ ከጅቡቲ በመጣላቸው አንድ የሰርግ ደብዳቤ ሰባት ሳምንት ታስረዋል። ሲፈቱ ግድግዳውን ተደግፈው የገቡት ትዝ ይላታል። እናም የምትነግረው ሰው የለም፤ ወንድሟ አይሰማም፣ ገብረወልድ ይጽፋል፣ ቱሪያን ዋሽታታለች።

ክፍሏ ገብታ ማካፈል አስተማረች። የሸፊቃ ቦታ፣ ሁለተኛው ዴስክ መሀል ላይ፣ ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ ሒሳቡን ተሳሳተች፤ ልጆቹ እያወቁ አላረሟትም። እንዲያርሟት አላስለመደቻቸውም።

በዕረፍት ሰዓት ከቅስቱ ሥር ዱዓሌን አገኘችው። ዱዓሌ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፣ የሶማሌ ሽማግሌ፤ አማርኛውን የተማረው ከባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ነው። ጎንበስ ብሎ ከመሬት የሆነ ነገር አነሳ፣ አቧራውን በሽርጡ ጥግ ጠረገ፣ ከንፈሩን አስነካውና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ጣት የምታህል ቀይ ቁራጭ ነች። ኪሱ አብጧል።

«ዱዓሌ፣ ምንድን ነው የምትለቅመው?» ብላ ጠየቀችው፣ እያወቀች።

ሽማግሌው ዞር ዞር አለ። «ትላንት ቆሻሻ ልደፋ ስል አየሁት፣ የናንተ ክፍል ጥራጊ ውስጥ። ሌሊቱን በባትሪ ለቀምኩት። አንቺ አላወቅሽም ቲቸር። እኔ አወቅሁ፣ ዝም አልኩ። ስድስት ልጅ አለኝ።» ከዚያ ጨመረ፤ «የኔ ይብሳል።»

የኔነሽ እዚያው ማልቀስ ቃጣት። ከጠዋት ጀምሮ ስለዚህ ነገር ሳትፈራ ልታናግረው የምትችለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አላወቅሽም ሲላት ግን የሸፊቃ የተዘረጋ እጅ ፊቷ ድቅን አለ፤ አላረመችውም። «ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ ነገ ደግሞ ያቃጥሉታል» አለችው። «የጠዋቱ ፈረቃ ስድስት ሰዓት ላይ ሲወጣ በሩን ብትዘጋልኝ፣ አርባ ሦስቱንም አውርጄ ሌላ እሰካለሁ።»

«ሌላ ከየት?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። የሲሚንቶ ወረቀቱ አልቋል፤ ቢኖርም ጥቁር ነው፣ ያስታውቃል። ነጭ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ብዙ ነጭ ወረቀት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ። ቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ነው። የልጆቹን ደብተር መንካት አይሆንም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው አንድ ደብተር ብቻ ነው፤ የዓመቱ የትምህርት ዝግጅት ደብተሯ። ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ የጻፈችው፣ ገብረወልድ በየዓርቡ በጥቁር እስክሪብቶ የፈረመበት፣ ግንቦት ላይ ኢንስፔክተሩ መጥቶ የሚገልጠው። ያለ እሱ አስተምሬያለሁ ብላ የምታሳየው ነገር የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ላለበት መምህር ደግሞ ሁለተኛው ቀላል አይሆንም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ወጡ፣ መምህራኑ ወጡ፣ ገብረወልድም ጃንጥላውን ዘርግቶ ለምሳ ወጣ። ዱዓሌ የብረት በሩን ዘጋ። የኔነሽ ደብተሩን ከመሀሉ ገንጥላ መስከረምን ቀደደች፣ ጥቅምትን ቀደደች። እጇ ሥራውን ለምዶታል፤ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ፣ ጠርዙን ክብ አድርጋ ቆርጣ፣ መሀሉን በሽቦ ጠምዝዛ፣ ከትላንት በተረፈው ቀይ ቀለም ጣሳ ውስጥ ትነክረዋለች። ሰው ሁሉ የሚያማርረው የሚያዝያ ፀሐይ ዛሬ ጠቀማት፤ የቆርቆሮው ክዳን ላይ የተሰጣው አበባ ወዲያው ይደርቃል። ዱዓሌ ከኮዳው ውሃ አፍስሶ እጁን ታጠበና መሰላሉ ላይ ወጣ። ለእሷም አፈሰሰላት፤ ሳትጠይቅ ታጠበች። እሱ አንዱን አውርዶ ይሰጣታል፣ እሷ በንጹሕ ሻሿ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ አዲሱን ታቀብለዋለች። ሃያ ሲደርሱ በሩ ተንኳኳ። ሁለቱም ደረቁ። ውሃ የለመነች መንገደኛ ነበረች፤ ዱዓሌ ከውስጥ ሆኖ «የለም፣ ሂጂ» አላት። ሌላ ጊዜ ውሃ ከልክሎ አያውቅም። አርባ ሦስተኛው ሲሰካ ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዱዓሌ የኪሱን ቁርጥራጭ በሙሉ አራግፎ ሻሹ ላይ ጨመረ፣ የኔነሽም ጥጉን ቋጠረችው።

ገብረወልድ ተመልሶ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ቅስቱ ሄደ። ቆጠረ። ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ፊቱ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። ከዓይኑ ትይዩ ያለው አበባ ቅጠል ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ የሚያውቀው ነገር አየ።

«ይሄ የኔ ፊርማ አይደለም?»

«ነው» አለች።

ገብረወልድ ሌላ አበባ ዞር አደረገ፤ እዚያም ፊርማው አለ። ስለ ደብተሩ እንኳን አልጠየቃትም። «መድረክ መግቢያ ላይ የኔን ፊርማ ልታቆሚ ነው?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ነገ አንድ ሰው ምን ማለቱ ነው ቢለኝ ምን እላለሁ? ወደ ውስጥ አዙሪው! ሁሉንም ወደ ውስጥ አዙሪው!» ሁለቱም ተንጠራርተው ማዞር ጀመሩ። የኔነሽ ልትስቅም ልታዝንለትም ቃጣት። መኪናው ሲመጣ አሥራ አንድ ፊርማ አዙረው ጨርሰዋል። ቅስቱ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ላቡን ጠርጎ፣ «ስለ ደብተሩ ከበዓሉ በኋላ ግምገማ ላይ ትናገሪያለሽ። እኔ በጽሑፍ ማቅረቤ አይቀርም» አለ። እንደሚያቀርብ ታውቃለች። ዛሬ ግን ያ ሩቅ መሰላት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻሹን በሁለት እጇ ይዛ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ገና ፀሐይ አለ። ክፍሉ ከሥራ ገብቶ ደጃፋቸው ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አያት፤ የያዘችውንም አየ። አንዱን ጫማ እንደያዘ ቆየና ወደ ውስጥ ገባ።

አባ አብዱላሂ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ከጣሪያው እንጨት የተፈታው ገመድ ጭናቸው ላይ ነው። ቱሪያ ግድግዳው ሥር ልብስ ታጥፋለች። ሸፊቃ ጥግ ላይ፣ በፎጣ ከተጠቀለለ ጓዝ አጠገብ፣ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። የኔነሽ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ሻሹንም በሽማግሌው እጅ ላይ አኖረችው።

ቋጠሮውን ፈቱት። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ አንዱን አበባ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት፤ ቀዩን ቅጠል በጣታቸው ቀስ ብለው ዘረጉት። ሌላውንም ዘረጉ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ቱሪያ ማጠፏን ተወችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ማን ቆረጠው?» አሉ ሽማግሌው።

«ክፍሌ ውስጥ ነው የተቆረጠው፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ አባ አብዱላሂ። ይቅር ይበሉኝ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።» ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀችው ይህንን ነው፤ ሳትደናቀፍ ወጣላት። «ሁሉንም ሰብስቤያለሁ። የወደቀውንም ዱዓሌ ለቅሞታል። አንድ አልቀረም።»

ሽማግሌው የዘረጉትን አበባ ሻሹ ላይ መለሱት። ከዚያ ተነፈሱ። «አላወቅሽም» አሉ። «ያላወቀ ሰው አይጠየቅም። አንቺ ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን የሚጥለውን ይዘሽ መጥተሻል፤ አላህ ይስጥልኝ ልጄ። ቱሪያ፣ ውሃ ስጫት።»

የኔነሽ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ቱሪያ ውሃውን ስትሰጣት እጇን በእጇ ላይ ጨመቅ አደረገችላት፤ «ተገኘልን» ማለቷ ነው። የኔነሽ ጠጣች። እንዲህ የጣፈጣት ውሃ አታስታውስም።

«የምታውቀው እሷ ነች» አሉ አባ አብዱላሂ፤ ወደ ጥጉ ሳይዞሩ። «ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ቁርዓን ቀርታለች። ምን እንደሆነ ታውቃለች። አውቃ ሰጠች፣ እያየች ተቆረጠ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልጅ ይሰርቃል፣ ይሰብራል፤ ይህን ሁሉ ችያለሁ። አውቆ ዝም የሚል ልጅ ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከኛ ቤት አልተማረችውም። ነገ ትሄዳለች።»

ሸፊቃ ቀና ብላ የኔነሽን አየቻት፤ ክፍል ውስጥ እንደምታያት፣ ተናገሪ እስክትባል። ጠዋት ጥፊውን የቀመሰችው፣ ቀኑን ሙሉ ጓዟ አጠገብ የተቀመጠችው፣ ያችን አንድ ነገር ሳትናገር ነው። የኔነሽ የብርጭቆውን ጠርዝ አየች። በሩ ከኋላዋ ነው። ይቅር ተብላለች፣ ልጄ ተብላለች፣ ግድግዳው በሰላም ይቀጥላል። ኃምሳ ሰባቱ ልጆች ለማንም አይናገሩም። ሸፊቃም አትናገርም፤ እሷ ራሷ ናት እንዲህ አድርጋ ያስተማረቻት። ፍየሉም ያው ሥራ ነው፣ ስንት ልጅ ይጠብቃል፣ ብላ ልታስብ ሞከረች። አልሆነላትም።

«ዝም አላለችም» አለች።

ሽማግሌው ዞሩ።

«ነግራኛለች። ‹ይሄ አይቆረጥም› አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ እጇን አውጥታ። እኔ ነኝ ቁረጪ ያልኳት። እያለቀሰች ነው የቆረጠችው። ወረቀት ካላመጣሽ እንዳትመለሺ ብዬም የላክኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋትም ቱሪያ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። አላወቅሁም ያልኩዎት...» ድምፅዋ ተቆረጠ። «የምታውቅ ልጅ እየነገረችኝ ነው ያላወቅሁት።»

ቱሪያ ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን ከእጇ ወሰደች፤ ገና ግማሽ ውሃ ነበረው። አባ አብዱላሂ ልጅቷን በጣታቸው ጠሩ። ተነስታ ፊታቸው ቆመች።

«ብለሽ ነበር?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጠዋት ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቲቸር ትቆጣለች» አለች ሸፊቃ።

ሽማግሌው እጃቸውን ጉንጯ ላይ አኖሩ፣ ጠዋት በተመታው በኩል። ከዚያ ጓዙን ወደ ራሳቸው ጎትተው ፎጣውን ራሳቸው ፈቱት፣ ልብሷንም አልጋው ላይ አወጡላት። «ከነገ ወዲያ ትምህርት አለ?»

«አለ።»

«ትሄጃለሽ። አይቆረጥም ያልሽውን ነገር ቁረጪ የሚልሽ ሰው ካለ፣ መቀሱን አስቀምጠሽ ወደ ቤት ትመጫለሽ። ማንም ይሁን።» ከዚያ አበቦቹን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው መዘርጋት ቀጠሉ። ወደ የኔነሽ አላዩም። «ቱሪያ፣ በሩን ክፈቺላት» አሉ።

ቱሪያ በሩን ከፈተች፤ እሷም ወደ ውጭ ነበር የምታየው። የኔነሽ ጫማዋን አጠለቀች። አንድ ነገር ሳትል መውጣት አቃታትና «ደህና እደሩ» አለች። ሽማግሌው አልመለሱም፣ ቱሪያም አልመለሰችም። የመለሰችላት ሸፊቃ ብቻ ነበረች፤ እሷም ገና ከአያቷ አጠገብ ከመቀመጧ ተነስታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲገባና ሲወጣ እንደሚደረገው ነው የመለሰችላት።